የጀርመንኛ ቋንቋ ወሰንና የጀርመናዊነት ትርጉም

ጀርመንኛ በአንድ አገር ወሰን ተከቦ የኖረ ቋንቋ አይደለም። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሊክተንስታይን፣ በስዊዘርላንድ ሰፊ ክፍል፣ በሉክሰምበርግ፣ በቤልጂግ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሰሜን ኢጣልያም በደቡብ ቲሮል ይነገራል። ታዲያ ጀርመናዊ የሚባለው ማን ነው?

ማርቲን ሉተር የተረጐመው አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1522፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1534 ሲታተም ሕዝቡ በብዙ መሳፍንት ግዛቶች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። አንድ መንግሥት ሳይኖረው የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ አዳበረ። በ1871 በፕሩሲያ መሪነት የጀርመን አንድነት ሲመሠረት ግን ጀርመንኛ ተናጋሪዋ ኦስትሪያ ከውጭ ቀረች። ወሰኑን የቀየሰው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የገዢዎች ጥቅምና የጦር ኃይል ሚዛን ነበር።

የ1913ቱ ሕግ ዜግነትን በዘር ሐረግ ላይ መሠረተ። ናዚዎች የደምን አስተሳሰብ እስከ ወንጀል አደረሱት። በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች፣ በጀርመንኛ ሲያስቡ፣ ሲጽፉና ሲያስተምሩ የኖሩትን አይሁድ ከሙሉ ዜግነት አወጧቸው፤ ፍጻሜውም የአውሮፓ አይሁድ እልቂት ሆነ። በ1938 ደግሞ የቋንቋና የደም አንድነት ኦስትሪያን ለመዋጥ ሽፋን ሆነ።

ከ1949 እስከ 1990 አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በሁለት ጀርመኖች ተከፍሎ ኖረ። ከ2000 ጀምሮ ግን በጀርመን ምድር የሚወለድ የውጭ አገር ዜጎች ልጅ፣ ከወላጆቹ አንዱ በሕግ የተወሰነውን የነዋሪነት ዘመን ካሟላ፣ ሲወለድ ጀምሮ ጀርመናዊ ነው።

ቋንቋ ሕዝብን ያቀራርባል፤ ማን ዜጋ፣ ማን ባዕድ እንደሆነ የወሰነው ግን በየዘመኑ ሕጉን የጻፈው እጅ ነው።