ከሳንጃ የተነሣ ሳይክል ጎርጎራ እስኪደርስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬዬ ሳይክሉን ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ ስለወጣ፣ ከደጋም በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ወደ ሐይቅ ዳር ስለወረደ ሰው ነው፤ ነገሩ ረጅም ስለሆነ እንደ መንገዱ ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ ማንም አያባርረንም።

ሳንጃን የምታውቁት ታውቃላችሁ። የታች አርማጭሆ ከተማ ናት፣ ፀሐይዋ ገና በማለዳ ትቆነጥጣለች፤ ከእርሷ ወዲያ ወደ አብደራፊ ሲወረድ ተራራው እየሸሸ፣ መሬቱ እየተዘረጋ፣ የሰሊጡና የማሽላው እርሻ ዓይን እስኪታክት ይሄዳል። እዚያ ያደገ ልጅ ሜዳ አያስፈራውም። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ነው፤ አንዲት አሮጌ የቻይና ሳይክል አለችው፣ በእርሷ ውኃ ይቀዳል፣ ወፍጮ ይሄዳል፣ መልእክት ያደርሳል፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ በእርሻው መካከል ባለው የጠጠርና የአቧራ መንገድ ላይ እንዲሁ ለደስታው ሲነዳት ይውላል።

አንድ ምሽት ታዲያ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሥዕል አሳየኝ። ከግራ ባሕር፣ ከቀኝ የላም መስክ፣ በመካከሉ የተቆለለ አፈር፣ በአፈሩ ጫፍ ላይ ቀጭን የጠጠር መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ጎንበስ ብለው ሳይክል የሚነዱ ሰዎች። «አጎቴ፣ እነዚህ የሚሄዱት በውኃው ላይ ነው በመሬቱ?» አለኝ፤ እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ሥዕሉ የሆላንዶች አገር ነው፤ ያ አገር ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ብዙ መሬት አለው፤ ሰዉ ለብዙ መቶ ዓመታት አፈር እየቆለለ፣ ድንጋይ እየደረደረ፣ በባሕሩ ዳር የተከመረውን አሸዋ ደግሞ ሣር እያበቀለ እንዳይሸሽ እየጠበቀ ኖረ፤ እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1932 32 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግድብ ባሕሩን አቋርጦ ተዘረጋና ባሕረ ሰላጤው ሐይቅ ሆነ፤ ሆኖም በ1953 በአንድ የብርድ ወራት ሌሊት ማዕበሉ ግድቦቹን ሰብሮ ገብቶ በዚያ አገር ከ1,800 በላይ ሰው ፈጀ። ዛሬ ሳይክል የሚነዳበት መንገድ ያ የተፈራ ውኃ የታገደበት አፈር ነው። በጠጠር መንገድ ሳይክል መንዳትም ዛሬ እንደ ቁም ነገር ተይዟል፤ የዓለም ሻምፒዮና ተሰይሞለት እንደ እነርሱው አቆጣጠር በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን አገር ተካሂዷል።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «እኛ አገር ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም» አለ። አዝኖ ነው የተናገረው፤ እኔንም ሐዘኑ ነካኝ። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም፣ የአሸዋ ኮረብታም የለንም። ነገር ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጣና አለን፣ በሰሜኑ ዳር የደምቢያ ሜዳ፣ በምሥራቁ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል፤ አገራችንን ተራራ ብቻ አድርገን ለልጆቻችን ስንነግር ኖረን ሜዳውን የሚያሳያቸው ጠፋ። «ተነሥ» አልኩት፤ መንገዱም ያኔ ሰላም ነበርና ተነሣን።

ከሳንጃ ወደ ትክል ድንጋይ ያለውን ዳገት በሳይክል ወጣን ብዬ አልዋሻችሁም፤ የእርሱንም የእኔንም ሳይክል ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን፣ በገመድ አሳስረን፣ በየኩርባው አንገታችንን አውጥተን እያየን ጎንደር ገባን። ከዚያም ወደ አንድ ጎሚስታ ሄድን፤ ሽማግሌ ነው፣ ጣቱ በማስቲሽ የጠቆረ፤ ካላማዳሪያውን አወጣና በውኃ ገንዳ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ ፈለገ፣ ለጠፈ፣ መልሶ ከተተና በፖምፓ ነፋ፤ ልጁ «እስኪጠጥር ንፉልኝ» ሲለው ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «ለአስፋልት ነው እንጂ ለኮረኮንችስ ትንሽ ላላ ይበል፤ የጠጠረ ጎማ በጠጠር ላይ ይዘላል፣ የላላው ግን መሬቱን ይይዝልሃል» አለው። በባሕር ማዶ ሰፊ ጎማ ገጥመው አየሩን ቀነስ የሚያደርጉት ለዚህ መሆኑን ልጁ ያን ጊዜ ተረዳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል አይደለም፣ ግን እኛው ካልተነጋገርንበት ማን ይነጋገርበታል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚደርስ ቱር ዳፍሪክ የሚባል የሳይክል ጉዞ አለ፤ ነጂዎቹ ቀደም ሲል የሱዳንን ሜዳ በሙቀት ጨርሰው በመተማ በኩል ገብተው፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ጉልበት ወጥተው ጎንደር ሲደርሱ ያርፉ ነበር። ስለ አገራችን ሲጠየቁ ተራራውን ያመሰግኑ፣ ቡናውን ያመሰግኑ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በመንገድ ዳር ልጆች ስለሚወረውሩባቸው ድንጋይ ያወሩ ነበር። ወገኖቼ፣ የእንግዳ እግር የምናጥብ ሰዎች ነን። ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ ጨዋታ መስሎት ነው፣ ክፋት አይደለም፤ ግን ወርዋሪው ልጅ ሲሆን ዝም ያለው አዋቂ ነው። እኛም ከጎንደር ወጥተን አዘዞን አልፈን ስንወርድ አንድ ልጅ ድንጋይ አነሣ፤ በአጥር ጥግ ጥጥ ትፈትል የነበረች እናት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «አንተ! የሰው ልጅ አይደሉም?» አለችው፣ ልጁም ድንጋዩን ጥሎ «ሳይክል! ሳይክል!» እያለ እየሣቀ እስከ ወንዙ ድረስ አብሮን ሮጠ። ያቺ ሴት በአንድ ቃል የሠራችውን ሥራ ብዙ ማስታወቂያ አይሠራውም።

ከአዘዞ በኋላ እንግዲህ መሬቱ ልብሱን ይቀይራል። ደጋው ከኋላ ይቀራል፣ ሰማዩ ይሰፋል፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር ይጀምራል፤ የሄድነው ታኅሣሥ ላይ ነበርና ጤፉ ተወቅቶ፣ ጓያውና ሽምብራው ዝናብ በሌለበት ከአፈሩ እርጥበት ብቻ እየጠጣ ለምልሞ ነበር። መንገዱ በመኪና ብዛት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸንትሮ ክንዳችንን ሲያንቀጠቅጠው ወደ ዳር ወጣን፤ በዳሩ የአህያና የሰው እግር ያለሰለሰው ቀጭን መሄጃ አለ፤ በዚያ ላይ ጎማው ድምፁ ይለሰልሳል፣ የወፉም የሰውም ድምፅ ይሰማል። ሽምብራ እሸት የሚነቅሉ ሰዎች «እንደምን ዋላችሁ፣ ቅመሱ እንጂ» ብለው እቅፍ እቅፍ ሰጡን፤ ከመሪው ላይ አንጠልጥለን እየፈለፈልን ሄድን።

ስንሄድም ለልጁ እነግረው ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎች እንደነበሩ፣ ገረመው ደንቦባም ከእነርሱ አንዱ እንደነበረ፤ ከዚያም ብዙ ዘመን አልፎ በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ። ልጁ ስለ ሩጫችን ሁሉንም ያውቃል፣ ይህን ግን ማንም አልነገረውም ነበር።

ቆላ ድባ ደርሰን ሻይ ጠጥተን፣ ከሰው ጋር ተጫውተን፣ ስንዘገይ ቀትር አለፈ። ያን ጊዜ ነፋሱ ተነሣ። ሜዳ ቀላል ነው ያላችሁ ሰው ካለ በነፋስ አልሄደበትም፤ ዳገት መጨረሻ አለው፣ ከጫፉም በኋላ ቁልቁለት ይከፍላችኋል፤ የሜዳ ነፋስ ግን ከፊታችሁ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይሟገታችኋል። በሐይቅ ዳር ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፣ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በቦታው ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ይገባል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣና የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ነፋስን በደረቱ ይቀበላል። ያገሬው ሰው ይህን ያውቃልና በማለዳ ይወርዳል። ልጁ ከፊት ሆነ፣ እኔ ከኋላው ተጠግቼ፣ ሲደክመው እየተቀያየርን፣ አንገታችንን ደፍተን ሄድን።

አንድ ገበሬ በእርሻው ዳር አስቆመንና ውኃ አጠጣን፣ ከዚያም በእጁ ሜዳውን እያሳየ የ1998 ዓ.ምን ክረምት አነሣልን። በዚያ ነሐሴ ሐይቁ ሞልቶ፣ ወንዞቹም ከደጋ ደለል ተሸክመው ወርደው፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም፣ በደምቢያም ሜዳው ውኃ ሆነ፤ ሰዉ ቤቱን ትቶ ወደ ከፍታ ሸሸ። በኋላ በፎገራ በኩል በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር አፈር ተቆልሎ መከላከያ ተሠራ፤ ከወረታ አካባቢ ሩዙ በውኃ ተኝቶ ሳለ በዚያ ቁልል አፈር ላይ ሰውና ከብት ሲመላለስ ታያላችሁ። ልጁ ዓይኑ በራ፤ «ስልኬ ላይ ያለው መንገድ ነዋ!» አለ። አዎን፣ ያው ነው፤ እዚያም እዚህም ሰው ከውኃ ጋር ተስማምቶ ለመኖር የቆለለው አፈር ነው። ሲዘንብ ግን ማንም እንዳይሞክረው፤ መረሬው በጎማና በፍሬን መካከል ገብቶ ሳይክሏን ተሸካሚ ሳይሆን ሸክም ያደርጋታል። ቁልሉም የሰው መድን ነውና ጫፉን እየናዱ አይነዳበትም፣ በእርሻ ሲታለፍም ባለቤቱ ይጠየቃል።

ጎርጎራ ስንገባ መሽቶ ነበር። ነገሥታቱ ጎንደር ከመከተማቸው በፊት ዐፄ ሱስንዮስ የሰነበተበት አገር ነው፤ ፖርቱጋሎች የላኩት ካህን ፔድሮ ፓኤዝም በ1614 ዓ.ም. እዚሁ ሞቷል። ደብረ ሲና ማርያምን በማለዳ ተሳለምን፣ በግድግዳዋ ያሉትን አሮጌ ሥዕሎች አየን፣ ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ወረድን፤ እዚያ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው እምቦጭ የሚባለውን የውኃ አረም ሲነቅሉ አገኘናቸው።

እምቦጭ በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው፣ በዚሁ በሰሜኑ ዳር፣ መገጭ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ለዓይን ያምራል፣ ግን የታንኳውን መንገድ ይዘጋል፣ ዓሣውን ያፍናል፣ ከብቱ ውኃ የሚጠጣበትን ዳር ይወስዳል፤ ነቅለው በውኃው ላይ ቢተዉት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ተሸክሞ ወደ ደረቅ ማውጣት ግድ ነው፤ ዘሩ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ ዘንድሮ የጠራው ዳር ለከርሞም ይነቀላል። ከመካከላቸው አንዱ አዛውንት ቀና ብለው ሳይክሎቻችንን አዩና «ሐይቁን ልታዩ ነው የመጣችሁ?» አሉን። «አዎን አባባ» አልን። «እንግዲያ ከእኛ ጋር እዩት» አሉ፣ በቁጣም አይደለም፣ በፌዝም አይደለም፣ ለወንድም እንደሚነገር።

ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባን። ልጁ ከቆላ የመጣ ነውና መጀመሪያ ቅዝቃዜው አስደነገጠው፣ ከዚያ ለመደው፣ ከዚያ ከሁሉ ቀድሞ መሸከም ጀመረ፤ ሥሩ ውኃ ስለሚይዝ ከባድ ነው፣ ትከሻ ላይ ሲሆን ቀዝቃዛው በጀርባ ይወርዳል። በእረፍት ጊዜ እንጀራ በዓሣ ወጥ አቀረቡልን፣ በልተን፣ ተመራርቀን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ወደ ሳይክሎቻችን ስንመለስ ቀትር አልፎ ነበር፤ ትናንት ደረታችንን ሲገፋ የዋለው ነፋስ ዛሬ ከኋላችን ሆነ፣ ልጁም እግሩን ከፔዳሉ ላይ አንሥቶ እየጮኸ፣ ጥቁሩን ሜዳ ሰንጥቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆላ ድባ ገባን።