የትኛው ሀገር ይበልጣል? የሀገር ፍቅርና የኑሮ ዋስትና በታሪክ ሚዛን

እዚህ አፉላ ወጣቶችና ወላጆች አንድ ላይ ሲቀመጡ ሳይነሳ የማያልፍ ክርክር አለ። «ከሀገር ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» የሚል። አንዱ «ኢትዮጵያ ናት፤ ለነጭ ያልተገዛች» ይላል። ሌላው «እንዴ! አባቶቻችን ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም እያሉ ያለፉት ለምን ሆነና?» ብሎ ይመልሳል። ከወጣቶቹ መካከል ደግሞ «ስዊድን ለወለደ ሰው 480 ቀን ፈቃድ ትሰጣለች፣ ካናዳ ሐኪም ዘንድ ገንዘብ አይከፈልም» የሚል አይጠፋም። ያኔ ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፦ «ሀገር በአበል ይለካል?»

እኛ ክርክሩን ለመዝጋት አልተነሳንም። አንድ ነገር ግን ማየት ፈልገናል። የሀገር ፍቅርና የኑሮ ዋስትና እንደምናስበው ተቃራኒ ናቸው ወይ? ታሪክ ሲጠየቅ መልሱ «አይደሉም» ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወላጆቻችን እንነሳ። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነስተው በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡት ስለ አበል ሰምተው አልነበረም። «ሳል ክሊታ» የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነግሯቸው? በመንገድ ላይና ኡም ራኩባን በመሳሰሉ የስደተኛ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በረሃብና በበሽታ እንዳለቁ ይገመታል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰው መጣ። በሜይ 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። «እናንተ የመጣችሁት ለድጎማ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመን መልሱ አጭር ነው፦ ለድጎማ ብሎ ልጁን በሱዳን በረሃ የሚቀብር የለም።

ኢትዮጵያን የሚያወድሱትም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1896 ዓድዋ ላይ፣ ከ1936 እስከ 1941 ደግሞ በአርበኞች ተጋድሎ የታየው የሀገር ፍቅር ዓለም የሚያውቀው ነው። ግን ያ ፍቅር ወደ ገበሬው ጓዳ ምን ይዞ ገባ? የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ኖሮ በ1945 በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። አርበኞችን ያበቀለው የጎጃም ገበሬ በ1968 በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ በመንግሥት ላይ አመፀ። የእኛም ወገኖች ለዘመናት የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖሩ። በአብዛኛው ቦታ ግን ርስት አልነበራቸውም። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በማርች 1975 ነው። ብዙ ቤተሰብ የራሱ ብሎ የሚያርሰው መሬት ያገኘው ያኔ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሽብሩ፣ ጦርነቱና ረሃቡ ደረሰ። ሰው ሀገሩን እየወደደ ከሀገሩ ማዕድ ርቆ ሊኖር እንደሚችል ወላጆቻችን በሕይወታቸው ያውቁታል።

የኑሮ ዋስትናስ ከየት መጣ? ሀብታም ሀገሮች ከተረፋቸው የሰጡት ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በጀርመን ቢስማርክ በ1883 የሕመም መድን፣ በ1889 የእርጅና ጡረታ ሕግ ሲያወጣ፣ ሠራተኛው ከሶሻሊስቶቹ ይልቅ መንግሥቱን እንዲጠጋ ፈልጎ ነው። ስዊድን ደግሞ ሁልጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ከ1850 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝቧ ተሰዷል፤ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ነው። በ1928 ፔር አልቢን ሃንሰን በፓርላማ ተነስቶ ሀገር እንደ ጥሩ ቤት ልትሆን ይገባል፣ በጥሩ ቤት ውስጥ ደግሞ የእንጀራ ልጅ የለም የሚል ሐሳብ አቀረበ። የስዊድን አበል ከዚህ ሐሳብ ጋር አብሮ አደገ። እንግሊዞችም የማኅበራዊ ዋስትናቸውን እቅድ ያወጡት በ1942፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነው። ቦምብ በሁሉም ላይ ወርዶ ነበርና በጁላይ 1948 ሕክምናም ለሁሉም ሆነ።

እኛ ያለንበት ቦታም ይህንኑ ይመሰክራል። ኩፓት ሆሊም ክላሊት በ1911 የእርሻ ሠራተኞች እያዋጡ ያቋቋሙት መረዳጃ ነበር፤ እስራኤል መንግሥት ሆና እስክትቆም ገና 37 ዓመት ይቀር ነበር። አፉላ የተቆረቆረችው በ1925 ሲሆን፣ ዛሬ ልጆቻችን የሚወለዱበት ኤሜክ ሆስፒታል ከዓይን ሃሮድ ወደዚህ የተዛወረው በ1930 ነው። ቢቱዋህ ለኡሚ በ1954 ሥራ ጀመረ። ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ነዋሪ የጤና መድን እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ።

ይሄ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እድር ነው እኮ! በእድር ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ይረዳል። የእድር ገንዘብ ተቀበለ ተብሎ «ለማኝ» የተባለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከደመወዛችን በየወሩ ለቢቱዋህ ለኡሚ የሚቆረጠውም የሀገር እድር መዋጮ ነው። መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ታዲያ ለምን ያሳፍረናል? እርዳታው ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ነው ምክንያቱ። በ1980ዎቹ ብዙ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ብዙ ቤተሰብም በመርካዝ ክሊታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ የት እንደሚኖር፣ ልጁ የት እንደሚማር ሌላ ሰው ወሰነለት። በመንደሩ ቤት የሠራ፣ ያረሰ፣ ሰው ያስታረቀ አባት ከቢሮ የመጣለትን ደብዳቤ ልጁ ካላነበበለት አይገባውም። በስተርጅና የመጡት ደግሞ እዚህ የሠሩበት ዓመት አጭር በመሆኑ የሥራ ጡረታቸው ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ስለዚህ የሚኖሩት በእርጅና አበልና በገቢ ማሟያ ነው። ገንዘቡ ቢገባም «አዋጪ ነህ» የሚላቸው አላገኙም።

እንዲያም ሆኖ ወገኖቻችን ዝም አላሉም። በ1985 በኢየሩሳሌም ከዋናው ራቢነት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አይሁድነታቸው እንዲታመን ጠየቁ። በጃንዋሪ 1996 የለገሱት ደም እንደሚደፋ ሲሰማ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ። በ2015 የሠራዊቱን ልብስ የለበሰ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በሆሎን በፖሊስ ሲደበደብ ታየና ወጣቱ እንደገና ወጣ። በዓመቱ በፍትሕ ሚኒስቴር የተመራው የፓልሞር ኮሚቴ ተቋማዊ ዘረኝነት መኖሩን በጽሑፍ አመነ። ሚኒስቴሩም ዘረኝነትን የሚታገል ክፍል አቋቋመ። እነዚህ ሰዎች ሀገር ጠሉ ማለት ነው? ሀገሩን የተወ ሰው እኮ አቤት አይልም፤ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አቤት የሚለው እኖርበታለሁ ያለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ስዊድኑ 480 ቀን እንመለስ። እውነት ነው፤ ሁለቱ ወላጆች የሚከፋፈሉት የተከፈለበት ፈቃድ ነው። በእስራኤል ቢቱዋህ ለኡሚ ለወላድ የሚከፍለው በሙሉ መብት 15 ሳምንት ነው፤ 105 ቀን ማለት ነው። የሚያስገርመው የኢትዮጵያው ነው። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በቁጥር ብቻ ከሄድን ኢትዮጵያ እስራኤልን ልትበልጥ ነው! ግን ሕጉ የሚደርሰው ለተቀጠረች ሴት ነው። ጎንደር ውስጥ እርሻ ላይ የምትውለዋ ወይም ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠዋ እናት የማን ቅጥር ናት? ስለዚህ «ስንት ይሰጣል?» ብቻ አይበቃም፤ «ማን ውጭ ቀረ?» ተብሎም ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ ለስዊድንም፣ ለካናዳም፣ ለእስራኤልም ይሠራል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ «ካናዳ ይሻላል» ሲል እንደ ክህደት አትቁጠሩት። እዚህ ምን እንደጎደለው ጠይቁት፤ ምናልባት የኪራይ ቤት ነው፣ ምናልባት ደግሞ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ በር ላይ የታየው ዓይን ነው። ወጣቶችም፣ «የሀገር ፍቅር» የሚለው ቃል ከአያቶቻችን አፍ ሲወጣ ቀሎ አይታያችሁ፤ የተከፈለበትን ዋጋ ሰምታችኋል።

በዚህ ዓመት ማኅበራችን ለእያንዳንዱ አባል አንድ ሥራ ይሰጣል። በሰፈራችሁ ካሉ አንድ አባት ወይም አንድ እናት ጋር ቁጭ በሉ። በመሳቢያ የተከማቸውን የዕብራይስጥ ደብዳቤ አንድ በአንድ አንብቡላቸው። ያልጠየቁት መብት ካለ አብራችኋቸው ወደ ቢሮው ሂዱ። ወረፋ እየጠበቃችሁ ደግሞ በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጡ ጠይቋቸው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጊዜ አይጠፋም።