ሙልሙል፣ ጋቢና እጅ መንሻ
የበዓል ስጦታ በታሪካችን

በዓልና ስጦታ ተለያይተው አያውቁም። ሰው በዓሉን የሚያከብረው በጸሎትና በዘፈን ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ ካለው ከፍሎ ለሌላው በመስጠትም ነው። ይሁንና ስጦታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የተቀባዩን ጉድለት አይቶ የሚሞላ ስጦታ አለ፤ የሰጪውን ታላቅነት ለማሳየት ብቻ የሚሰጥ አለ፤ በስም ስጦታ ተብሎ በተግባር ግን ግብር የሆነም አለ። ሦስቱም በአገራችን ታሪክ ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ የበዓል ስጦታን ታሪክ መመርመር የአንድን ልማድ አመጣጥ ከመተረክ ያለፈ ነገር ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ ምን ዓይነት ግንኙነት እንደነበራቸው መመርመር ነው።

ለመሆኑ ሕዝቡ መልካም የበዓል ስጦታ ብሎ የኖረው ምን ዓይነቱን ነው? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የገበሬውን ዓመት መመልከት ያስፈልጋል።

ወቅቱን የሚያውቅ ስጦታ

የገበሬው ዓመት የጥጋብም የጉድለትም ወራት አሉት። በነሐሴ ወር ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው ወደ ማለቁ ይቃረባል፤ አዲሱ ሰብል ደግሞ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። ዝናቡ አላባራም፤ ወንዙ ሞልቷል፤ እረኛው ልጅ ግን ከከብቱ ኋላ በጭቃው ውስጥ ይውላል። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ፣ ወይም ደብረ ታቦር፣ የሚውለው በዚህ ወቅት ነው። የበዓሉም ስጦታ ሙልሙል ዳቦ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ በታቦር ተራራ በተገለጠው ብርሃን ምክንያት እረኞቹ ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ሲቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጥተዋል። የሙልሙሉና የችቦው ልማድ መነሻም ይኸው ነው ይባላል። ትውፊቱ የሚናገረው ስለ ራበው ልጅና ምግብ ይዞለት ስለሚመጣ ወላጅ ነው። ልማዱም ይህንኑ ሐሳብ ጠብቆ ኖሯል። ልጆች ጅራፋቸውን ያጮኻሉ፤ በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ባለቤቶቹም ሙልሙል ያወጡላቸዋል። የክርስትና ልጅ ያለውም ለልጁ ሙልሙል አይነፍግም። ከሩቅ አገር መጥተው በየደብሩ ትምህርት የሚቀስሙት የቆሎ ተማሪዎችም ስለ ደብረ ታቦር እያሉ እህል ይሰበስባሉ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ቁም ነገር የአሰጣጡ ሥርዓት ነው። ልጁ ዳቦውን ከመቀበሉ በፊት ዘፍኗል፤ ከተቀበለም በኋላ ቤቱን መርቆ ይሄዳል። ስለዚህ በእጁ የገባው ዳቦ ምጽዋት ሳይሆን የዘፈኑ ዋጋ ነው። የደኻውም ልጅ፣ የባለጠጋውም ልጅ በአንድ ቡድን ውስጥ አብረው ስለሚዘፍኑ፣ የትኛው ለጨዋታ የትኛው ለረኃቡ እንደመጣ አይለይም። የተቸገረው ልጅ ችግሩን ሳይናገር ይጠግባል።

በመስከረም 1 ቀንም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆችም በወረቀት ላይ የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያበረክታሉ። በለውጡ ዳቦ ወይም ሳንቲም ያገኛሉ። አሁንም ልጁ ባዶ እጁን አልመጣም፤ የሚችለውን ይዞ ነው የመጣው።

በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ይህ ጥንቃቄ የሃይማኖት ድንጋጌ ሆኖ ይገኛል። የረመዳን ጾም ሲፈታ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር የአካባቢው ሕዝብ ከሚመገበው እህል በነፍስ ወከፍ ተሰፍሮ የሚወጣ ነው። ጊዜውም የተወሰነ ሲሆን፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛው እጅ መድረስ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌሎች በደስታ በሚውሉበት ቀን ችግረኛው ለልመና እንዳይወጣ ነው። ከሶላቱ በኋላ የሚሰጠው እንደ ተራ ምጽዋት ይቆጠራል። እንግዲህ የስጦታው ክብደት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም ይለካል ማለት ነው።

የእጅ ሥራና የቤተሰብ ዕዳ

በፋሲካ ሰሞን ደግሞ አክፋይ የሚባል ልማድ አለ። ትዳር ይዘው ከቤት የወጡ ልጆች ለወላጆቻቸውና ለአማቶቻቸው፣ የክርስትና ልጆችም ለክርስትና አባታቸውና እናታቸው ዳቦና መጠጥ፣ ዶሮ ወይም በግ ይዘው ይሄዳሉ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ለከረመ ሽማግሌ፣ በተለይም ጉልበቱ ለደከመና ከብት ለሌለው፣ አክፋዩ የፋሲካው ማዕድ ራሱ ነው። ነገር ግን አባት ከልጁ እርዳታ ተቀበለ አይባልም፤ ልጁ አክፋይ አመጣለት ይባላል። ቃሉ የአባትየውን ክብር ይጠብቃል።

ለበዓል የሚሰጥ ልብስም በዚሁ መልክ ሊታይ ይገባዋል። የፋብሪካ ጨርቅ ከመስፋፋቱ በፊት ጋቢ ለመስጠት ያሰበች ሴት ሐሳቧን የምትጀምረው ከበዓሉ ወራት አስቀድማ ነበር። ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ትሰጣለች። ጋቢው በአባትየው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ብርዱን ይከላከልለታል፤ ሌሊት ይለብሰዋል፤ ቀን ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ለሽምግልና ይቀመጣል። ስጦታው ከበዓሉ ቀን አልፎ ዓመታት ያገለግላል። በእያንዳንዱ ክር ውስጥም ሰጪዋ ስለ ተቀባዩ ያሰበችበት ጊዜ አለ።

ስጦታ ግብር ሲሆን

ይሁን እንጂ የበዓል ስጦታ ታሪካችን መልካም ገጽታ ብቻ ያለው አይደለም። በመሬት ባለቤትነት ላይ በተመሠረተው ሥርዓት ዘመን ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ ከሚያካፍለው ሌላ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እጅ መንሻ ወይም መተያያ ይዞ ደጅ የመቅረብ ልማዳዊ ግዴታ ነበረበት። መልኩ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ በግ፣ ዶሮ፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ማገዶ ሊሆን ይችላል። ስሙ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ባያመጣ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ማግኘቱን ማን ያውቃል? ለልጆቹ ፍስክ ያልቀረለት ሰው ጎተራው ለሞላው ሰው በግ ይጎትት ነበር።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደውም ስጦታ ቢሆን ማዕረግን የተከተለ ነበር። በታላላቅ በዓላት ግብር በሚበላበት አዳራሽ የመቀመጫው ቦታ፣ የሥጋው ብልት፣ የመጠጡ ዓይነት ሁሉ በደረጃ ይለያል። ካባና ለምድ የተሸለመው ሰው ልብሱን ያገኘው በርዶት ሳይሆን ለሹመቱና ለታማኝነቱ ምልክት እንዲሆነው ነው። እርግጥ ነው፣ በግብሩ ብዙ ሰው ጠግቧል፤ የግብሩ ዋና ዓላማ ግን የሰጪውን ታላቅነት ማሳየት ነበር።

ሁለቱን ወገኖች ማነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። ሙልሙሉ ካለው ወደሌለው ይሄዳል፤ የሌለውንም አያሳፍርም። እጅ መንሻው ከሌለው ወዳለው ይሄዳል፤ የሌለውንም ያጎብጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ግንኙነት በሕግ ሲያስቀር፣ ከእርሱ ጋር የነበረው የበዓል ግዴታም መሠረቱን አጣ። ባለሥልጣንን በበዓል ቀን በስጦታ የመለማመጥ ጠባይ ግን በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ ስላልሆነ፣ መልኩን እየለዋወጠ በየዘመኑ ብቅ ይላል።

ከመስቀል ስጦታ እስከ መንገድ

አስቦ የመስጠት ልማድ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ የጉራጌ አገር ነው። እንሰት በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ የሚመግብ ተክል ቢሆንም፣ የመሬቱ ማነስና የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት ወጣቱን ወደ ከተማ አስወጥቶታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የጉራጌ ተወላጆች በጉልበት ሥራ፣ በሊስትሮነት፣ በችርቻሮና በጅምላ ንግድ ተሰማርተው የከተማዋ ኢኮኖሚ ምሰሶ ሆኑ። ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ የሚኖረው ቤተሰብ የሚሰባሰበው በመስከረም ወር፣ ለመስቀል ነው። ሙስሊሙ የጉራጌ ተወላጅም በተለይ ለአረፋ ወደ አገሩ ይገባል።

ወደ አገሩ የሚገባው ልጅ የሚይዘው ስጦታ ለታይታ የተመረጠ አይደለም። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ለቤቱ ቡና፣ ጨውና ስኳር፣ ለሥጋው መክተፊያ ስለታም ቢላዋ ነው። አገር ቤት ያለውም ባዶ እጁን አይጠብቅም። ሴቶች ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ ከወራት በፊት በዕቁብ ያጠራቅማሉ፤ ቆጮውን ያዘጋጃሉ። ወንዶች ለሰንጋው ገንዘብ ያሰናዳሉ፤ ልጆች የደመራ እንጨት ይሰበስባሉ። እንግዳው ወደ ከተማ ሲመለስ ደግሞ ቆጮና ቅቤ ተቋጥሮለት ይሄዳል። ስለዚህ ስጦታው አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም፤ ከተማው ያለውን ይልካል፣ ገጠሩም ያለውን ይመልሳል።

ይህ ልማድ በቤተሰብ ክልል ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በየዓመቱ በክረምት ማግሥት በጭቃና በሞላ ወንዝ እየተሰናከለ የሚጓዘው ሰው፣ አገሩ ከቢላዋና ከብርድ ልብስ የበለጠ ምን እንደሚያስፈልጋት በእግሩ አውቆታል። በ1950ዎቹ ዓመታት በከተማ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ለአገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ስጦታ ብዙዎች ሆነው ተሸከሙት። የእናትን ጉድለት አይቶ ነጠላ የሚገዛ ዓይን የአገርንም ጉድለት ሊያይ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የዛሬው ጥያቄ

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ተመዝግቧል። ደመራውና ዝማሬው በፎቶግራፍና በፊልም ይቀረጻሉ። በበዓሉ ውስጥ ያለው የመስጠት ጥበብ ግን በፊልም አይያዝም፤ የሚጠበቀው በተግባር ብቻ ነው።

ዛሬ በከተሞች የበዓል ስጦታ ከሱቅ ተጠቅልሎ የሚገኝ ዕቃ እየሆነ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች ልጆች ለዓመት በዓል ገንዘብ ይልካሉ፤ በዚህም ብዙ ቤት በዓሉን በደስታ ይውላል። ገንዘቡም ሆነ የሱቁ ዕቃ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ጥያቄው ከመስጠቱ በፊት ታስቦበታል ወይ የሚለው ነው። ዓይኗ ለደከመ እናት መነጽር፣ ወገቡን ለሚያመው አባት ፍራሽ ከውድ ጌጥ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ለማወቅ ግን አስቀድሞ መጠየቅና ማየት ያስፈልጋል።

መምህራን ደግሞ በየዓመቱ የሚያዩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ እንቁጣጣሽ ወላጅ የበዓሉን ወጪና የደብተሩን ወጪ አንድ ላይ የሚሸከምበት ጊዜ ነው። አበባ ይዞ ወይም ሥዕል ሥሎ ደጃፍ ለሚቆም ልጅ ከሳንቲሙ ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ቢሰጠው፣ የዘመኑ ሙልሙል ይሆንለታል። ልጁ ሥዕሉን ሰጥቷል፤ ደብተሩም የሥዕሉ ዋጋ ነው። ማንም ደኻ ነህ አላለውም፤ መስከረም አጋማሽ ላይም ከጓደኞቹ እኩል ጽፎ ይማራል።