እኩል ባልሆኑ ትራንዚስተሮች እኩል ብርሃን

ስለ ስክሪን ታሪክ ሲወሳ ክብሩን ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ብርሃን የሚያመነጨው ቁስ ነው። እኔ ግን ከብርሃኑ ጀርባ ተደብቆ ላለው፣ ዓይን ለማያየው ትንሽ ሰርኪት አደላለሁ። አንድን ነጥብ ማብራት ከተቻለ ቆይቷል። ሚሊዮን ነጥቦችን እኩል ማብራትና እኩልነቱን ለዓመታት ማቆየት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል፤ ዛሬም አላለቀም።

ሥራው የሚጀምረው ፕሪንስተን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአርሲኤ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ፖል ዌይመር፣ በስስ ሽፋን መልክ የሚነጠፍ ትራንዚስተር ይፋ አደረገ። ሐሳቡን ወደ ስክሪን ለማምጣት ከሁሉ በላይ የደከመው ደግሞ ቡዳፔስት ተወልዶ በፒትስበርጉ ዌስቲንግሃውስ የሠራው ፒተር ብሮዲ ነው። በ1973 እሱና ባልደረቦቹ በየጎኑ 6 ኢንች የሆነ፣ ከ14 ሺህ በላይ ነጥቦች ያሉት የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን አቀረቡ፤ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ትራንዚስተር ነበረው። በ1975 ደግሞ ራሱ የሚያበራ ሌላ ስክሪን አስከተሉ። በዚህኛው ለእያንዳንዱ ፒክስል 2 ትራንዚስተርና 1 ካፓሲተር ተመደበለት፤ የመጀመሪያው ትራንዚስተር መረጃውን ያስገባል፣ ካፓሲተሩ ይይዘዋል፣ ሁለተኛው በተያዘው ቮልቴጅ ልክ ኃይል ይለቃል። በኪሳችን የምንይዘው የኦሌድ ስክሪን የዚህ አቀማመጥ ዘር ነው። ድርጅቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕሮጀክቱን ዘጋው፤ ብሮዲም ለቆ ወጣ። የስክሪን ኢንዱስትሪ ጠቅልሎ ወደ እስያ የሄደበትን መንገድ ሳስብ ከዚህ ውሳኔ በላይ የሚያስቆጨኝ የለም።

የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን (ኤልሲዲ) ለሰርኪት ሠሪው ቸር ነበር። ብርሃኑ ከኋላ ካለ መብራት ይመጣል፤ ፒክስሉ የሚፈለግበት ቮልቴጅ ይዞ መቆየት ብቻ ስለሆነ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቁታል። ችግሩ የመጣው በ1987 ሮቼስተር በሚገኘው ኮዳክ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ከ10 ቮልት ባነሰ ቮልቴጅ ከ1,000 ካንዴላ በካሬ ሜትር በላይ የሚያበራ ኦርጋኒክ ዳዮድ፣ ማለትም ኦሌድ፣ ባሳዩ ጊዜ ነው። የኦሌድ ድምቀት የሚከተለው በውስጡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ፍሰቱን የሚወስነው ደግሞ ያ ሁለተኛው ትራንዚስተር ነው፤ ትራንዚስተሩ ከጎረቤቱ ጥቂት ከተለየ ልዩነቱ በቀጥታ ዓይን ላይ ይወድቃል።

ምን ያህል እንደሚወድቅ በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ትራንዚስተር መምራት የሚጀምርበት የመነሻ ቮልቴጅ አለው። ፍሰቱ የሚያድገው የተሰጠው ቮልቴጅ ከመነሻው በበለጠበት መጠን ካሬ ልክ ነው። ትርፉ 1 ቮልት ቢሆንና የአንዱ ፒክስል መነሻ በ0.1 ቮልት ከፍ ቢል፣ ትርፉ 0.9 ይሆናል፤ የ0.9 ካሬ 0.81 ነውና ያ ፒክስል 19 በመቶ ደብዝዞ ይታያል። በአንድ ወጥ ግራጫ ምስል ላይ ዓይን ከዚህ እጅግ ያነሰውንም ይለያል።

ፋብሪካዎች የነበሯቸው ቁሶች ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ነቀፋ ያለባቸው። አንደኛው ቅርጽ አልባ ሲሊኮን ነው፤ ለሰፊ መስታወት ርካሽና ወጥ ሲሆን በሥራ ላይ እያለ መነሻ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ሁለተኛው በሌዘር ቀልጦ የሚረጋው ፖሊሲሊኮን ነው፤ ፍሰትን በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጥ ያሳልፋል፣ በዕድሜም ይጸናል። ነገር ግን ሲረጋ የሚፈጠሩት የክሪስታል ቅንጣቶች ድንበር በዘፈቀደ ስለሚያርፍ ሁለት ጎረቤት ትራንዚስተሮች አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም።

መላው የመጣው ከዚያው ከፕሪንስተን ነው። በ1998 ሮቢን ዳውሰንና ባልደረቦቹ፣ የቀድሞው የአርሲኤ ቤተ ሙከራ በሆነው በሳርኖፍ፣ 4 ትራንዚስተርና 2 ካፓሲተር ያለው ፒክስል አቀረቡ። ፒክስሉ ከማብራቱ በፊት የራሱን ትራንዚስተር መነሻ ቮልቴጅ ለክቶ ካፓሲተር ላይ ያስቀምጣል፤ መረጃው የሚመጣው ከዚያ በላይ ተደምሮ ነው። ቅቤ ነጋዴ ባዶውን ዕቃ አስቀድሞ መዝኖ እንደሚቀንሰው፣ ስህተቱ ከሒሳቡ ይወጣል። የዚህ ሐሳብ ታላቅነት ፍጹም ትራንዚስተር መፈለግን መተዉ ነው። ለእኔ የኦሌድ ታሪክ ማዕከል ይህ ነው፤ በኋላ በስልኮች የተስፋፋው ባለ 7 ትራንዚስተርና 1 ካፓሲተር ሰርኪትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የቀደመውን ምስል ያጠፋል፣ መነሻውን ከመረጃው ጋር ይመዘግባል፣ ከዚያ ያበራል።

ጥራት ሲጨምር ግን ቦታም ጊዜም ይጠባሉ። በ2017 የወጣው አይፎን ቴን በኢንች 458 ፒክስል ነበረው፤ ለአንዱ ፒክስል የሚደርሰው ወርድ 55 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ቀለማቱ ሰርኪቶቻቸውን ሁሉ እዚያው ውስጥ ማስፈር አለባቸው። 1,920 መስመሮች ባሉት ስክሪን መስመሮቹ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደሱ ለአንዱ መስመር የሚተርፈው ከ9 ማይክሮሰከንድ ያነሰ ነው፤ 120 ጊዜ ሲሆን ይህም በግማሽ ይቀንሳል። ካፓሲተሩ በዚያ ቅጽበት ውስጥ መነሻውን ለክቶ ካልጨረሰ ማካካሻው ጎዶሎ ይሆናል።

ለትልቅ ቴሌቪዥን የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። በ2013 መጀመሪያ ባለ 55 ኢንች ኦሌድ ለኮሪያ ገበያ ያወጣው ኤልጂ፣ የቶኪዮው ሂዴዮ ሆሶኖ ቡድን በ2004 ያስተዋወቀውን ዓይነት የኦክሳይድ ትራንዚስተር ተጠቀመ። ፒክስሉን ቀላል አድርጎ ልኬቱን ውጭ ላሉ ቺፖች ሰጠ፤ እነሱ የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ለውጥ እያነበቡ በሚልኩት መረጃ ላይ ያርማሉ። የልኬቱ ከፊል የሚካሄደው ቴሌቪዥኑ በሪሞት ከጠፋ በኋላ፣ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። መብራት መቆራረጥን ፈርቶ ባጠፋ ቁጥር ገመዱን የሚነቅል ቤተሰብ ይህን ዕድል ይነፍገዋል፤ ይህን የሚነግር ሻጭ ቢኖር ደግ ነበር።

ቀስ ብለው በሚታደሱ ስክሪኖች ደግሞ ካፓሲተሩ የያዘው ቮልቴጅ በትራንዚስተሩ በኩል ያፈስሳል፤ ብርሃኑም ይዋልላል። በ2018 አፕል ዋች ሲሪስ 4 ፖሊሲሊኮንንና ኦክሳይድን በአንድ ስክሪን አጣመረ፤ ኦክሳይዱ ሲዘጋ የሚያፈሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ።

የቀረው የኦርጋኒኩ ቁስ እርጅና ነው፤ በተለይ ሰማያዊው። ሰርኪቱ ተመሳሳይ ፍሰት ቢሰጠውም ያረጀ ቁስ ያነሰ ያበራል። የ2024ቱ አይፓድ ፕሮ ሁለት አብሪ ንጣፎችን ደራርቦ የእያንዳንዱን ጭነት አቅልሏል። ይህ ቁሱን ሲያሳርፍ ሰርኪቱን ያስጨንቃል። ለተመሳሳይ ድምቀት የሚያስፈልገው ፍሰት ያንሳል፣ የትራንዚስተሩ ትርፍ ቮልቴጅም አብሮ ያንሳል፤ ስለዚህ በመነሻው ላይ የምትቀር ጥቂት ስህተት ይበልጥ ትጎላለች። ሠሪዎቹም ትርፉን መልሰው ለማስፋት ፍሰቱን የሚወስነውን ትራንዚስተር የፍሰት መንገድ ያስረዝማሉ፤ ቀጥ ብሎ ስለማይገባም በጠባቡ ፒክስል ውስጥ እያጠማዘዙ ይስሉታል።