ለሐዘን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት



እኛ ባለንበት በዶሎ ኦዶ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የሚባለው ወንዝ ይሆናሉ። በ2003 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያሳደዳቸው ብዙ ሶማሌዎች በዚህ በኩል ሲገቡ፣ በመካከላቸው ወላጅ ያጡ ሕፃናት ነበሩ። በጉባኤያችንም አባት ወይም እናት የቀበሩ ልጆች አሉ። እውነቱን እንናገር፤ ለእነርሱ ያለን ቃል ብዙ ጊዜ “አይዞህ፣ አታልቅስ” ብቻ ነው። ልጁ ዝም ሲል የተጽናና ይመስለናል።

ከመቶ ዓመት በፊት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሌላ መንገድ አሳይተውናል። በ1910 ዓ.ም. “የልቅሶ ዜማ ግጥም” የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ መሆኑንም በርእሱ ላይ ገለጹ። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሐዘንተኛው ይቀበላል፤ ቃሉ ግን ሁልጊዜ ተስፋ ያለበት አይደለም። ኅሩይ በመጽሐፋቸው ለሚያለቅስ ሰው ቃል ሰጡ።

በዚያው ዘመን “ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ” የሚለው መጽሐፋቸው ወጣ። ርእሱ ብቻውን ያስተምራል። አባት በሕይወት ሳለ ይጽፋል፤ ሲያልፍም ጽሑፉ ለልጁ ምክር፣ ለእርሱ መታሰቢያ ይሆናል።

ሞት ግን ተራ አይጠብቅም። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዚሁ ከዶሎ ተነሥቶ ነገሌን ያዘ። በ1929 ዓ.ም. ያው ግራዚያኒ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲገዛ፣ የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ በጣሊያኖች ተገደለ። አባቱም በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። መታሰቢያ ሊተውለት ከጻፈው አባት ልጁ ቀደመ።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ለሐዘን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቶታል፤ ሰቆቃወ ኤርምያስን። ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተደረደሩ ግጥሞች ናቸው፤ በእኛ አነጋገር ሐዘን ከሀ እስከ ፐ እንዲነገር ተፈቅዶለታል ማለት ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሕዝቡ አባት እንደሌላቸው ልጆች መሆናቸውን ለእግዚአብሔር ይነግሩታል። እርሱም ዝም በሉ አላላቸውም።

እኛም ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። አባቱ ለሞተበት አንድ ልጅ ደብተርና እርሳስ ሰጥተን አጠገቡ ተቀመጥን። የአባቱን ፊት አልሳለም፤ ጫማውን ሳለ፣ ከሥሩም ስሙን ጻፈ። ከዚያ በኋላ አለቀሰ። እኛም “አታልቅስ” አላልነውም።

ወገኖች ሆይ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ በአጠገባችሁ ካለ ስለ ወላጁ ጠይቁት፤ ይጻፍ፣ ይሳል። እናንተም ወላጆች፣ ዛሬ በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ አንድ ገጽ ጻፉላቸው። ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። የትንሣኤ ተስፋ ያለን እኛም እንባን አንፈር።

የመጽናናት አምላክ ከሐዘንተኞች ሁሉ ጋር ይሁን። አሜን።