የመርከብ ደፍ

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሱዌዝ ካናል መካከል በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልሕቁን ጥሎ ወደቆመው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወጡ። መርከቡ ኩዊንሲ ይባላል። ጋባዡ ከያልታ ጉባኤ የሚመለሱት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበሩ። በዚያ ቀን በተነሱት ፎቶግራፎች ላይ ሩዝቬልት ተቀምጠው ይታያሉ። እኒህ ሰው በአውሮፓውያኑ 1921 ከታመሙ ወዲህ እግሮቻቸው አልታዘዙላቸውም፤ ሐኪሞቹም በሽታውን ፖሊዮ ብለውት ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማግስቱ እዚያው መርከብ ላይ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ መጡ። ንጉሡም በድሮ የጦር ሜዳ ቁስል ምክንያት መራመድ ይከብዳቸው ስለነበር ሩዝቬልት ከሁለቱ ተሽከርካሪ ወንበሮቻቸው አንዱን አበረከቱላቸው። በስብሰባው ላይ ያስተረጎመው ዊልያም ኤዲ ኋላ ላይ ሲጽፍ፣ ፕሬዚዳንቱ በንጉሡ ፊት ማጨስን ነውር ስላደረጉት ወደ ምሳ ሲወርዱ አሳንሰሩን መንገድ ላይ አስቁመው ሲጋራቸውን አጨሱ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው ለሲጋራው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አሳንሰሩ ነው። ከዚያ በፊት በ1943 ሩዝቬልትን አትላንቲክን ያሻገራቸው አዮዋ የተባለው የጦር መርከብ ደግሞ ቆመው ገላቸውን መታጠብ ለማይችሉት ፕሬዚዳንት ሲባል የመታጠቢያ ገንዳ ገብቶለታል። ገንዳው ዛሬም በሎስ አንጀለስ ወደብ ሙዚየም በሆነው መርከብ ውስጥ ይጎበኛል።

ለመድፍ የተሠራ መርከብ ለአንድ ሰው እንዲመች ተስተካከለ ማለት ነው። ይህን የቻለው በጦርነት መሐል የነበረ አገር ነው። ተራው መንገደኛ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መርከብ ሲቀርብ «መርከብ እንደ ቤት አይደለም፣ ብረት ነው፣ አይለወጥም» የሚለውን መልስ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲሰማ ኖረ።

መልሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። መርከብ ደፍ አለው። በሩ ከወለሉ ጋር እኩል አይሆንም፤ ከሥሩ ከፍ ያለ ብረት ይጋረጣል። ማዕበል የመርከቡን ወለል ሲያጥበው ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያግደው እሱ ነው። በ1966 የጸደቀው የመርከቦች የጭነት መስመር ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን ደፍ በቁጥር ወስኖታል፤ ከላይኛው ወለል ወደ ተዘጋው የመርከቡ ክፍል የሚያስገቡ በሮች ደፋቸው ቢያንስ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ይበልጥ ለማዕበል በተጋለጠ ቦታ ያሉ አንዳንድ በሮች ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ማለት ነው። ከዚህ ደንብ ጀርባ የሰጠሙ መርከቦችና የሞቱ መርከበኞች አሉ። ማንም አስተዋይ ሰው «ይፍረስ» አይልም።

ችግሩ የውሃው ደፍ ውሃ ወደማይደርስበት ቦታ መዛመቱ ነው። መመገቢያ አዳራሹ፣ ካቢኑ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ አሳንሰሩ አጠገብ ያለው መተላለፊያ ሁሉ እንደ ልማድ ደፍ በደፍ ሆኖ ይሠራ ነበር። የካቢኑም በር ጠባብ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤቨረስትና ጄኒንግስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1930ዎቹ የሚታጠፈውን ተሽከርካሪ ወንበር ሲሠሩ፣ ዓላማቸው ወንበሩ በመኪና ተጭኖ ባለቤቱን እንዲከተል ነበር። ወንበሩ ታጥፎ መርከብ ላይ ሊወጣ ቻለ። ሲዘረጋ ግን በካቢኑ በር አያልፍም።

ከብረቱ በፊት ደግሞ ሌላ ደፍ ነበረ፤ የሕግ ደፍ። የአትላንቲክ መንገደኛ መርከቦች ሚሊዮኖችን ወደ አሜሪካ ሲያመላልሱ በነበረበት ዘመን፣ በ1891 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወደብ ላይ ተቀባይነት ያጣን ሰው ወደመጣበት የመመለሱን ወጪ በመርከብ ኩባንያው ላይ ጣለ። የኒውዮርኩ ኤሊስ ደሴት በ1892 ሲከፈት ስደተኞቹ ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ መመዝገቢያው አዳራሽ ደረጃ ይወጡ ነበር፤ ሐኪሞች ደግሞ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ትንፋሽ እንደሚያጥረው ይመለከታሉ። ያነከሰ ሰው ልብሱ ላይ በጠመኔ «ኤል» የምትለው የላቲን ፊደል ትጻፍበታለች። ትርጉሟ አንካሳ ነው። ደረጃው ራሱ ምርመራ ነበር።

ኩባንያዎቹም ኪሳራውን ፈርተው ምርመራውን ወደ መነሻ ወደቦቻቸው ወሰዱት። አንድ ሰው ክራንች ይዞ ሐምቡርግ ወይም ሊቨርፑል ወደብ ላይ ሲታይ፣ ትኬት ሻጩ የሚያስበው ስለ ማዕበሉ ሳይሆን ስለ መመለሻው ዋጋ ነበር። መርከብ ሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሳያስቡ መኖራቸው ከዚህ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት፤ እንዲሳፈር ለማይፈለግ መንገደኛ ማን በር ያሰፋል?

የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው መልስ የመጣው ከትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች አይደለም፤ ከሸራ መርከብ ነው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ረድ መምህርና ባሕረኛ ነበር። አካል ጉዳተኛ ልጆችን የሸራ ጀልባ መንዳት ካስተማረ በኋላ፣ ሙሉ ሰውነት ያለውና አካል ጉዳተኛው እኩል ሆነው የሚያንቀሳቅሱት መርከብ ለምን አይኖርም ብሎ ተነሳ። በ1978 ጁቢሊ ሴይሊንግ ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመሠረተ። ንድፉን ኮሊን ሙዲ አወጣው። መርከቡ በ1986 የመጀመሪያ ጉዞውን ሲያደርግ ሎርድ ኔልሰን ተብሎ ነበር፤ ስሙ የተወሰደው የአንድ ዓይኑን ብርሃንና አንድ ክንዱን በጦርነት ካጣው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ነው።

ሎርድ ኔልሰን ላይ የተሠራውን በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ተብሎ የሚታሰብ የመጨረሻው ቦታ ነበር። ወለሉ ሰፊና ሜዳ ሆነ። በደርቦች መካከል ተሽከርካሪ ወንበር የሚያወርዱና የሚያወጡ ማንሻዎች ገቡ። ማየት የተሳነው ሰው መሪ እንዲይዝ አቅጣጫውን በድምፅ የሚናገር ኮምፓስ ተተከለ፤ ክንዱ ለደከመ መሪውን በኃይል የሚያግዝ መሣሪያ ታከለ። መስማት ለተሳነው ሰው የአደጋ ደወሉ መኝታው ሥር በንዝረት ይደርሰው ነበር። ከሁሉ ደስ የሚለው የአፍንጫው ምሰሶ ነው። ከመርከቡ አፍንጫ ወደ ባሕሩ የሚዘረጋው ይህ እንጨት በሌሎች መርከቦች ላይ የጎበዝ መርከበኛ መንጠላጠያ ሲሆን፣ ሙዲ ግን ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበት መንገድ አድርጎ ነደፈው። እግሩ የማይሄድ ሰው ከመርከቡ ቀድሞ፣ ማዕበሉን ከሥሩ እያየ፣ ባሕሩ ላይ ይወጣ ነበር።

መንገደኞቹ የሚጦሩ እንግዶች አልነበሩም፤ ሸራ ይጎትቱ፣ ሌሊት ዘብ ያድሩ፣ ወጥ ቤት ይገቡ ነበር። ፍላጎቱ ያለው ወንበሩ በገመድ ታስሮ ወደ ምሰሶው ይሳብ ነበር። በ2000 ሁለተኛው መርከብ ቴኔሽየስ ውሃ ላይ ዋለ፤ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን በግንባታውም አካል ጉዳተኞች ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር እጃቸው አለበት። ሎርድ ኔልሰን ከ2012 እስከ 2014 ዓለምን ዞረ፤ በ2019 አገልግሎቱን አቆመ። ድርጅቱ ራሱ በገንዘብ እጥረት በ2023 መጨረሻ ተዘጋ፤ የሚያሳዝን ነው።

ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ግን ለመለወጥ ፍርድ ቤት አስፈልጓቸዋል።

አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ያጸደቀችው ሐምሌ 1990 ነው። ከዚያ በፊት በመጋቢት ወር ተሟጋቾች ክራንቻቸውንና ወንበራቸውን ጥለው በዋሽንግተን የምክር ቤቱን ደረጃዎች በእጃቸው እየዳሁ ወጥተው ነበር። ሕጉ ሆቴልን፣ ምግብ ቤትን፣ ሲኒማ ቤትን በስም ጠራ። መርከብን በስም አልጠራም። የመዝናኛ መርከብ ደግሞ ሆቴልም ምግብ ቤትም ሲኒማ ቤትም በአንድ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከማያሚ ወይም ከሂውስተን የአሜሪካ መንገደኞችን ጭኖ ሲነሳ የባሃማስን ወይም የፓናማን ሰንደቅ ዓላማ ማውለብለቡ ነው። ኩባንያዎቹ «ሕጋችን የሰንደቃችን አገር ሕግ ነው» አሉ።

በ1998 እና በ1999 ከሂውስተን የተነሱ አካል ጉዳተኛ መንገደኞችና አጃቢዎቻቸው ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይንን ከሰሱ። የአቤቱታቸው ዝርዝር የባሕር ጉዞን ኑሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚመቸው ካቢን ተጨማሪ ዋጋ ይጠየቅበታል፤ በአደጋ ጊዜ መንገደኛውን የማውጣት ዝግጅቱ ለእነርሱ አልታሰበበትም፤ መጸዳጃ ቤትና ምግብ ቤት ደፍ አለበት። ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ቀድሞውኑ ተቃራኒ ውሳኔ ሰጥተው ነበር፤ አትላንታ ያለው በ2000 ሕጉ የውጭ ሰንደቅ ያላቸውን መርከቦችም ይመለከታል አለ፤ ኒው ኦርሊንስ ያለው ደግሞ በዚህኛው ክስ አይመለከትም አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሰኔ 2005 በተከፋፈለ ድምፅ የተሰጠውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ናቸው። መርከቡ በአሜሪካ ውሃ ላይ እስካለ ድረስ ሕጉ ይመለከተዋል። ዋጋን፣ የትኬት ሽያጭን፣ የአደጋ ዝግጅትን የመሰለው ጉዳይ የመርከቡ የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደፉ ግን ተለይቶ ታየ፤ አንድን ደፍ ማንሳት ዓለም አቀፉን የባሕር ደኅንነት ስምምነት የሚያስጥስ ወይም ሌሎችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ሕጉ ያን አያዝም ተባለ። የውሳኔው ትልቅ ነገር ይህ መለየት ይመስላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባንያው «ደፍ አለ» ብሎ መዝጋት አይችልም፤ የትኛው ደፍ ውሃ እንደሚያግድ፣ የትኛው ልማድ ብቻ እንደሆነ መናገር አለበት።

ደንቦቹ ተከተሉ። በ2010 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ደንብ አካል ጉዳተኛን በአካል ጉዳቱ ምክንያት አለማሳፈርን፣ ለሚሰጠው እገዛ ተጨማሪ ማስከፈልን፣ በአንድ ጉዞ ስንት አካል ጉዳተኛ ይሳፈር ብሎ ቁጥር መወሰንን ከለከለ። በዚያው ዓመት የጸደቀውና ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ መንገደኛው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ካሳወቀ ወደብ ላይም መርከብ ላይም ያለ ክፍያ እንዲረዳ ያዛል። የበር ስፋትንና የወለል ተዳፋትን በቁጥር የሚወስነውን የአሜሪካ መመሪያ በተመለከተ፣ ረቂቁ በ2013 ለሕዝብ አስተያየት ወጣ፤ እንደ ሌሎቹ ግን ወደ ግዴታ አልተሸጋገረም።

ወረቀቱ ይህን ሲል ባሕሩ የራሱን ይላል። ዛሬ በአዳዲሶቹ መርከቦች ላይ በሩ የሰፋ፣ መታጠቢያው ወለል ለወለል የሆነ ካቢን አለ፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነውና ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ትልቁ ፈተና ከመርከቡ መውረድ ላይ ነው። አላስካ ውስጥ በጁኖ ወደብ የባሕሩ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ከ5 ሜትር በላይ ሊለያይ ይችላል። ጠዋት ሜዳ የነበረው መሸጋገሪያ ከሰዓት በኋላ ዳገት ይሆናል። ስለዚህ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው የሚወርድበትን ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትንም ሰዓት ይጠይቃል።

ግራንድ ኬይማን ላይ ደግሞ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት መድረክ የለም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ መንገደኛው በትንሽ ጀልባ ይወሰዳል። ጀልባዋ ከመርከቡ ጎን ከፍ ዝቅ ስትል፣ ሞተር ያለውን ከባድ ወንበር ከነባለቤቱ ማሸጋገር አይሞከርም፤ ቀላሉን የሚታጠፍ ወንበር የያዘ ግን ባሕሩ ጸጥ ካለ ሊሻገር ይችላል። ውሳኔው በዚያች ሰዓት የመርከቡ አዛዥ ነው። በግሪክ ሳንቶሪኒ ጀልባውን የተሻገረ ሰው ገደሉ ሥር ይደርስና ከ580 በላይ ደረጃዎች ይጠብቁታል። በ1979 የተሠራው የገመድ መኪና ባይኖር ኖሮ ከተማዋን ከታች ሆኖ ማየት ብቻ ነበር ዕድሉ።

የአደጋ ጊዜም አለ። ኮስታ ኮንኮርዲያ ጥር 2012 ጣሊያን ዳርቻ ላይ ድንጋይ መትታ ስታጋድል 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዕለት መርከብ ላይ የወጡት መንገደኞች ብዙዎቹ የማምለጫ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ ደንቡ ከተነሱ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይፈቅድ ነበርና። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ተወሰነ። በአደጋ ጊዜ አሳንሰር ስለማያስተማምን አካል ጉዳተኛው በደረጃ በሚወርድ ልዩ ወንበር በመርከበኞች ይወሰዳል። ስለዚህም ካቢኑ የት እንዳለና ማን እንደሚመጣለት መርከበኞቹ በዝርዝር መያዛቸውን ከመጀመሪያው ቀን ማረጋገጥ ያስፈልገዋል።

ልምድ ያላቸው ተጓዦች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሜትር ያወጣሉ። የወንበራቸውን ስፋት ከመንኮራኩር እስከ መንኮራኩር ይለካሉ፤ ሲታጠፍ ስንት እንደሆነም ይመዘግባሉ፤ የባትሪውን ዓይነትና የወንበሩን ክብደት ይጽፋሉ። ከዚያ ለኩባንያው ደብዳቤ ይልካሉ፤ የካቢኑ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከየትኞቹ ወደቦች በጀልባ ነው የሚወረደው፣ የመታጠቢያ ቤቱስ ደፍ ከፍታው ስንት ነው ይላሉ። መልሱንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠብቃሉ።