ኢንተርኩለር

ኢንተርኩለር ተርቦ በተገጠመላቸው ሞተሮች ላይ፣ ተርቦው የጨመቀውን አየር ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ነው። መልኩ ራዲያተር ይመስላል፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ራዲያተር የሞተሩን ውሃ ሲያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ሞተሩ የሚስበውን አየር ያቀዘቅዛል። እንደ ዲላና አካባቢዋ ባሉ ከፍታማና ዳገታማ ቦታዎች የዚህ መሣሪያ ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

አየሩ ለምን ይሞቃል?

ተርቦ በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዙ ሁለት ተሽከርካሪዎች አሉት። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው አየር ከውጭ ስቦ እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ በተርቦ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

የሞቀ አየር ስለሚለጠጥ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚኖረው የኦክስጅን መጠን ያንሳል። ስለዚህ ተርቦው ግፊቱን ቢጨምርም ሙቀቱ ከጥቅሙ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል። በቤንዚን ሞተር ላይ የሞቀ አየር ነዳጁ ያለጊዜው እንዲቀጣጠልና ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርጋል፤ ይህም ፒስተንን ሊጎዳ ይችላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ አየር የሚበክሉት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ከፍ ይላሉ።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን በዲላ ከፍታ ወደ 84 ይወርዳል። በ2,500 ሜትር ላይ ደግሞ 75 ገደማ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሞተር 200 ኪሎፓስካል ግፊት ያለው አየር ይፈልጋል እንበል። በባሕር ወለል ተርቦው አየሩን ወደ 2 እጥፍ መጨመቅ ይበቃዋል። በዲላ ግን ወደ 2.4 እጥፍ መጨመቅ አለበት። የውጭው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ የመጭመቂያው ብቃትም 70 በመቶ ቢሆን፣ ከተርቦው የሚወጣው አየር በባሕር ወለል 115 ዲግሪ፣ በዲላ ደግሞ 145 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያው መኪና፣ ያው ግፊት ሆኖ ከፍታው ብቻ 30 ዲግሪ ያህል ጨመረ ማለት ነው።

አሁን ከትርፉ ሙቀት 70 በመቶውን የሚያስወግድ ኢንተርኩለር ቢጨመር 145 ዲግሪ የነበረው አየር ወደ 60 ዲግሪ ይወርዳል። በተመሳሳይ ግፊት የአየሩ እፍጋት 25 በመቶ ያህል ያድጋል። በተግባር ጭማሪው ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ምክንያቱም አየሩ በጠባብ መተላለፊያዎች ሲያልፍ ከግፊቱ ጥቂቱን ያጣል።

የጌዴኦ መንገዶች

ከአዲስ አበባ በሀዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ ያልፋል። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወስደው መንገድም ወደ ደጋው ይወጣል። ቡና የጫነ መኪና እንዲህ ያለ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ሁለት ነገሮች ይገጣጠማሉ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ስለሚጠየቅ ተርቦው በኃይል ይጨምቃል፤ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ኢንተርኩለሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ትንሽ ነው። በከፍታ ላይ ያለው ቀጭን አየር ራሱም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ዘመናዊ ሞተሮች የአየሩን ሙቀትና ግፊት በሴንሰር እየለኩ ነዳጁን ወይም የተርቦውን ግፊት የሚቀንሱት በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለመጠበቅ ነው። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው መኪናው ጉልበት ሲያጣ ነው።

ዓይነቶች

በአየር የሚቀዘቅዝ፦ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። የጨመቀው አየር በአሉሚኒየም ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፤ የውጭ ነፋስ በመካከላቸው እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል። ሲኖትራክን በመሰሉ ከባድ የናፍጣ መኪኖች ላይ ከራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል። በአንዳንድ ቶዮታ ሃይሉክስና ፕራዶ መኪኖች ላይ ደግሞ ከሞተሩ በላይ ይሆናል፤ በኮፈኖው ላይ የሚታየው ክፍት አፍ ለጌጥ ሳይሆን ነፋስ ለማስገባት ነው። ከሞተሩ በላይ መሆኑ ቱቦውን ያሳጥራል፤ መኪናው ሲቆም ግን የሞተሩ ሙቀት ያገኘዋል።

በውሃ የሚቀዘቅዝ፦ ሙቀቱን መጀመሪያ ውሃ ይወስደዋል፤ ውሃው በሌላ ራዲያተር ይቀዘቅዛል። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ፓምፕና ተጨማሪ ቱቦ ስለሚፈልግ ዋጋው ይንራል።

ታሪክ

ተርቦን የፈለሰፈው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። በ1962 ለገበያ የቀረበው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለው የአሜሪካ መኪና ተርቦ ነበረው፤ ኢንተርኩለር ግን አልነበረውም። በምትኩ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ወደ ሞተሩ ይረጭ ስለነበር፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ባለቤቱ መሙላት ነበረበት። ፖርሽ 911 ተርቦ በ1978 ሞዴሉ ላይ ኢንተርኩለር ተገጠመለት።

ብልሽትና ጥገና

በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የኢንተርኩለሩን ክንፎች ይደፍናል። ሲታጠብ ኃይለኛ የውሃ ግፊት መጠቀም ስሶቹን ክንፎች ያጣምማል፤ ለስላሳ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት መልቀቅ ይሻላል። የጎማ ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ በዳገት ላይ የፉጨት ድምፅ፣ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ይታያሉ። እነዚህ ምልክቶች ከነዳጅ ፓምፕ ብልሽት ጋር ስለሚመሳሰሉ ፓምፑን ከመፍታት በፊት ቱቦዎቹን ማየት አላስፈላጊ ወጪን ያድናል።

በቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ሽፋን መታየቱ የተለመደ ነው። ዘይት ተጠራቅሞ ከተገኘ ግን ተርቦው ዘይት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ችላ ማለት አደገኛ ነው፤ የናፍጣ ሞተር የገባበትን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ቁልፉ ቢጠፋም እንኳ ፍጥነቱን እየጨመረ ከቁጥጥር ውጭ ሊሄድ ይችላል።